ቅዳሜ በሳይክል ወደ ጢስ ዓባይ፦ ምን ላዘጋጅ?

አዲስ ነጂ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ባሕር ዳር ነው የምኖረው። እንደ ማንኛውም የከተማችን ልጅ ሳይክል ላይ ነው ያደግኩት፤ ግን ከቤት ሥራ፣ ከሥራ ገበያ፣ ያውም አስፋልት ላይ ብቻ። ባለፈው ወር ያገለገለ የተራራ ሳይክል ገዛሁ። ይህን የሰሙ ጓደኞቼ የሚቀጥለው ሳምንት ቅዳሜ ጢስ ዓባይ ደርሰን እንመለስ ብለው ይዘውኛል። መሄጃው ብቻ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እነሱ ደግሞ ዋናውን መንገድ ንቀውታል፤ በገጠሩ የእግር መንገድ፣ ድንጋይ ለድንጋይ ካልሄድን ይላሉ። ዐሥር ቀን አለኝ። ትንፋሼ ብዙ አያሳፍረኝም። ሳይክሉን ግን አላምነውም። ምን ላስተካክል? ምን ልያዝ?

ጎሚስታው፦
አለማመንህ ደግ ነው። ነገ ጠዋት ገልብጠህ በኮርቻውና በመሪው አቁመው። ጎማውን አሽከርክርና ፍሬኑ አጠገብ ዓይንህን ጣል። ወዲያ ወዲህ ከተወላገደ ቸርኬው ተጣሟል፤ ሽቦዎቹ ይወጠሩ። ቀጥለህ ጎማውን ይዘህ ወደ ጎን ነቅንቀው። ቀጭ ቀጭ ካለ ኩሽኔታው ላልቷል። የፍሬኑን እጀታ ስትጨብጠው መሪው ድረስ ከመጣ ካቦው ይጥበቅ። የፍሬኑ ላስቲክ ላይ ያሉት ቦዮች ከጠፉ አትከራከር፣ ቀይረው።

ሰው የሚረሳው ካቴናውን ነው። ማስመሪያ አምጣ። ከአንዷ ፒን መሀል ጀምረህ፣ እሷን ሳትቆጥር፣ እስከ 24ኛዋ ፒን መሀል ለካ። አዲስ ካቴና 30.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይመጣል። 30.6ን ካለፈ ተስቧል ማለት ነው፤ ዳገት ላይ ስትረግጠው ጥርሱን እየዘለለ ጉልበትህን ከፔዳሉ ጋር ያጋጨዋል። የተቃጠለ የሞተር ዘይት ደግሞ እንዳታፈስበት። አቧራውን ሰብስቦ ሞረድ ይሆንልሃል። ቀጭን ዘይት ጠብ ጠብ አድርገህ ትርፉን በጨርቅ ጥረገው።

የሽምብጥ ልጅ፦
ጎማህን ጠጠር አድርገህ አስነፋ። እንደ ኳስ ይንከባለልልሃል።

ጎሚስታው፦
እሱ ለአስፋልት ነው ወንድሜ። ድንጋይ ላይ ጠጠር ያለ ጎማ ይነጥራል፣ መሬት አይዝም። ጠያቂያችን 70 ኪሎ አካባቢ ከሆነና ጎማው ወፍራም ከሆነ፣ ከመነዳሪ (የውስጥ ጎማ) ላለው ፊቱን 28፣ ኋላውን 32 ፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያ) ይበቃዋል። ከዚያ በጣም ካወረደው ደግሞ ከመነዳሪው በድንጋዩና በቸርኬው መሀል ተቆንጥጦ ጎን ለጎን ሁለት ቦታ ይበሳል።

የቫልቩንም አፍ እይ። ቀጭኑ ዓይነት ከሆነ መንገድ ላይ የምታገኘው የጎሚስታ ኮምፕሬሰር አይገጥምለትም። በዚህ ምክንያት ሳይክሉን ሁለት ሰዓት ሙሉ እየገፋ ሱቄ የመጣ ልጅ አውቃለሁ። ውኃ ለመጠየቅ እንኳ ድምፅ አልነበረውም። የራስህን ፖምፓ፣ አንድ ትርፍ ከመነዳሪ፣ ማስቲሽና መለጠፊያ፣ የብሩጎላ (ባለ ስድስት ማዕዘን) ቁልፎች ያዝ። እቤት ሆነህ አንዴ ጎማ ፈትተህ መልሰህ ግጠም። እዚያ እሾህ ላይ ቆመህ አትማርም።

ነርሷ፦
ስለ ሰውነትህ ልናገር። በቀሩት ቀናት ሦስት ጊዜ ንዳ። አንዱ ረዘም ይበል፣ 40 ኪሎ ሜትር ያህል፤ ቤዛዊት ዳገትን ጨምርበት። ሐሙስና ዓርብ ዕረፍ። በመጨረሻዎቹ ሁለት ቀናት ጉልበት አይገዛም፣ ድካም ብቻ ነው የሚተርፍህ።

ዓርብ ጾም ስለሆነ አትጨነቅ። የፎገራ ሩዝ በምስር፣ ከዚያ በጊዜ እንቅልፍ። ጠዋት በሶ ብጥብጥ ጠጣ። በየመሀሉ ሙዝና ቴምር ቅመስ። ቆሎ ቆማችሁ ስታርፉ እንጂ እየነዳችሁ አይሆንም፤ ስታለከልክ ትንታ ነው። ውኃ ከሁለት ሊትር አይነስ። በአንዱ ሊትር ስድስት ያልተቆለለ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጥበት። ጨው አታብዛ።

አደራ የምልህ አንድ ነገር አለ። ሲሞቅህ እግርህን ጣና ወይም ወንዝ ውስጥ አትንከር። ብልሃርዚያ አለ።

ጋሼ ሳይክል፦
ልጄ፣ በ60 ዓመቴ እነዳለሁና ስማኝ። አዲስ ጫማ፣ አዲስ ኮርቻ ቅዳሜ ዕለት አትጀምር። የኮርቻህን ቁመት በተረከዝህ ለካ፦ ተረከዝህ ፔዳሉ ላይ ሆኖ ፔዳሉ ታች ሲደርስ እግርህ ቀጥ ይበል። ቁልቁለት ሲመጣ አራት ጣት ያህል ዝቅ አድርገው፣ ከኮርቻው ብድግ ብለህ ወገብህን ወደ ኋላ ግፋ። ፍሬን ያዝ ለቀቅ ነው እንጂ ጨምድደህ አትውረድ። ዓይንህ ወደምትሄድበት እንጂ ወደፈራኸው ድንጋይ አይይ፤ ያየኸው ላይ ትወጣለህ።

የድንጋዩ ድልድይ፣ አላታ፣ ጋ ስትደርሱ ውረዱና ሳይክላችሁን ግፉ። በ17ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራ ነው፤ ሰውና ከብት ይተላለፍበታል። ከመውጣታችሁ በፊት ግን መንገዱ ሰላም መሆኑን ከዚያው አካባቢ ሰው ጠይቁ። ማን የት እንደሄደ እቤት የሚያውቅ ሰውም ይኑር።

አዲስ ነጂ፦
እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ፣ ሁላችሁም። ለካሁት፤ ካቴናው 30.8 ሆነ! ቫልቩም ቀጭኑ ነው። ሻጩ «እንደ አዲስ ነው» ብሎኝ ነበር። ካቴናውን ዛሬ አስቀየርኩ። አንድ የሚያሳፍር ጥያቄ ልጨምር፦ መቀመጫ አካባቢ መላላጥ ምን ይደረጋል?

ነርሷ፦
ምኑ ያሳፍራል። ስፖንጅ ያለው ቁምጣ ካገኘህ ከሥሩ ምንም አትልበስ፤ ስፌቱ ነው የሚልጠው። ቫዝሊን ቀባ አድርግ።

ጎሚስታው፦
አዲሱ ካቴና አሮጌው ጥርስ ላይ አልስማማ ሊል ይችላል። ዛሬውኑ ቤዛዊት ላይ ቆመህ እየረገጥክ ሞክረው። ከዘለለብህ የኋላውን ጥርስም ቀይር።

አዲስ ነጂ፦
ሞክሬው መጣሁ። ሁለት ጊዜ ዘለለ። ነገ ጠዋት ሱቅህ ነኝ።