ጥያቄ፦ የተማሪያችን እናት ስፓኒሽ እንጂ እንግሊዝኛ አትችልም፣ ወረቀትም (የመኖሪያ ፈቃድ) የላትም። ትምህርት ቤት ውስጥ መብቷ እስከ ምን ድረስ ነው?

ረዳት መምህርቷ (ሜሪላንድ)

ሰላም ለሁላችሁ። ሃይስኩል ውስጥ ረዳት መምህር ነኝ። ከዚያ በፊት ስድስት ዓመት ሬስቶራንት ኩሽና ሠርቻለሁ። አብረውኝ የነበሩት አብዛኞቹ ሳልቫዶሮች ናቸው። ስፓኒሽ ብዙ አልናገርም፤ ግን እሰማለሁ።

አንድ የ17 ዓመት ተማሪ አለን። እናቱ አያቱ ዘንድ ትታው ነው ወደዚህ የመጣችው። እሱ ከኤል ሳልቫዶር ከመጣ ገና ሁለት ዓመቱ ነው። ማታ ማታ ሳህን ያጥባል፤ ቤት የሚገባው ከእኩለ ሌሊት በኋላ ነው። ጠዋት የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ላይ ጭንቅላቱን ጠረጴዛ ላይ አድርጎ ይተኛል።

ባለፈው ሳምንት ወላጅ ተጠራ። እናትየው የጽዳት ዩኒፎርሟን እንደለበሰች መጣች። አስተርጓሚ አልነበረም። እዚህ የተወለደችው የ11 ዓመት እህቱ አስተረጎመች። መምህሩ «በዚህ ከቀጠለ አይመረቅም» አለ። ልጅቷ ወንድሟን አየት አደረገችው። ከዚያ ለእናቷ በስፓኒሽ «ጎበዝ ነው፣ ትንሽ ይደክመዋል ብቻ ይላል» አለቻት። እናትየው ደስ ብሏት የመምህሩን እጅ በሁለት እጇ ይዛ «ግራሲያስ፣ ግራሲያስ» አለች። እኔ ዝም አልኩ። ይኸው እስከ ዛሬ እየከነከነኝ ነው።

አሁን ምን ላድርግ? አስተርጓሚ መጠየቅ ትችላለች? ወረቀት ስለሌላት በጣም ትፈራለች። ልጁም ወረቀት የለውም፤ ኮሌጅ መግባት ይችላል? ደግሞ ስኩል ቦርድ (ትምህርት ቤቶቹን የሚያስተዳድረው ቦርድ) ሄዳ ስለ አስተርጓሚ ጉዳይ መናገር ትፈልጋለች፤ ዜጋ ያልሆነ ሰው ይሰሙታል ወይ?

የወላጆች አገናኝ (ቨርጂኒያ)

እህቴ፣ መጀመሪያ ልጅቷን ማንም እንዳይቆጣት። ወንድሟን ነው የሸሸገችው። 11 ዓመቷ ነው፤ እንዲህ ያለ ሸክም መጀመሪያውኑ ሊጫንባት አይገባም ነበር።

አስተርጓሚ መብት ነው። በ1964 (እ.ኤ.አ.) የወጣው የሲቪል መብቶች ሕግ የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ትምህርት ቤት ሁሉ ወላጅን በሚገባው ቋንቋ እንዲያነጋግር ያስገድዳል። ክፍያ የለውም። ሰው በአካል ካልተገኘ በስልክ ይደረጋል፤ ብዙ ትምህርት ቤቶች የስልክ አስተርጓሚ መስመር አላቸው፣ መምህሩ ላያውቀው ይችላል። እኔ ለእናቶች የማስጠናው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፦ «ኔሴሲቶ ኡን ኢንቴርፕሬቴ»። አስተርጓሚ እፈልጋለሁ ማለት ነው። ይህን ብላ ዝም ትበል። የቀረውን እነሱ ይጨርሱት።

አንቺ ደግሞ ለካውንስለሩ (ለተማሪዎች አማካሪው) አጭር ኢሜይል ጻፊ። «ስብሰባው በአስተርጓሚ ይደገም፤ እናትየዋ የተባለውን በትክክል አልሰማችም» በይ። ማን ምን እንዳጠፋ አትጻፊ። ልጁን የሚጎዳ ነገር በወረቀት ላይ አይቅር። የወላጆቹን የመኖሪያ ፈቃድ ጉዳይም በኢሜይል ፈጽሞ አትጥቀሺ።

ሌላም ላንሳ። ቤተሰቡ በችግር ምክንያት ከሌላ ቤተሰብ ጋር ተዳብሎ አንድ አፓርታማ ውስጥ የሚኖር ከሆነ፣ ቤት አልባ ተማሪዎችን የሚረዳው ማኪኒ-ቬንቶ የሚባለው የፌዴራል ሕግ ይመለከታቸዋል። መጓጓዣና ሌላም እርዳታ ያስገኛል። ብዙ ሰው «ቤት አልባ» የሚለው ቃል ስለሚያሳፍረው አይጠይቅም። ጠይቁ።

የዳላሷ

ስለ ፍርሃቷ እኔ ልናገር። ቴክሳስ ነው የምኖረው፤ ታይለር ከዳላስ ብዙም አይርቅም። በ1977 (እ.ኤ.አ.) እዚያ ወረቀት ከሌላቸው ልጆች በዓመት 1000 ዶላር ይጠየቅ ጀመር። አራት የሜክሲኮ ቤተሰቦች ከሰሱ። ፍርድ ቤት ሲሄዱ ከዚያው ያባርሩናል ብለው ዕቃቸውን መኪና ላይ ጭነው ነበር የሄዱት። ዳኛውም ሰው እንዳያያቸው በማለዳ ነው የሰማቸው። ነገሩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰና በ1982 በ5 ለ4 ድምፅ አሸነፉ። ከዚያ ወዲህ የትኛውም ክፍለ ግዛት ልጅን ወረቀት የለህም ብሎ ከሕዝብ ትምህርት ቤት ሊያስቀር አይችልም። ስለዚህ ትምህርት ቤቱ ወረቀት ሊጠይቃት አይገባም፤ እሷም ሳትጠየቅ አትናገር። ይህን ታሪክ ንገሪያት። በእሷው ቋንቋ የሚናገሩ፣ እንደሷ የፈሩ እናትና አባቶች ናቸው ይህን መብት ያገኙት።

ኮሌጅን በተመለከተ ግን ክፍለ ግዛቱ ይለያያል፣ ተጠንቀቁ። እኛ ጋ በ2001 የወጣው ሕግ ወረቀት ለሌላቸው ተማሪዎች እንደ ነዋሪ ዝቅተኛውን ክፍያ ይፈቅድላቸው ነበር፤ በሰኔ 2025 በፍርድ ቤት ተሻረ። የማውቃቸው ልጆች በአንድ ክረምት ክፍያቸው ከአቅማቸው በላይ ሆነ። አንድ ዓመት የቆየ መረጃ አትመኑ።

አበበች ነኝ (ሲልቨር ስፕሪንግ)

ይቅርታ አድርጉልኝና የራሳችን ልጆች ስንት ችግር እያለባቸው ስለ ስፓኒሾቹ በአማርኛ መወያየታችን ለምንድን ነው? ክፋት የለኝም፤ መጠየቄ ነው።

የድሮ አስተማሪ (ታኮማ ፓርክ)

አበበች ልጄ፣ ጥያቄሽ ተገቢ ነው። አንድ ሕንፃ ውስጥ ነው የምንኖረው፤ ልጆቻችን አንድ አውቶቡስ ይሳፈራሉ። እኔ እዚህ ስመጣ እንግሊዝኛ የተማርኩት በማታ ክፍል ነው፣ ግራና ቀኜ ሳልቫዶሮች ነበሩ። ደግሞ «ስፓኒሽ» ቋንቋው ነው። እነሱ ራሳቸውን በአገራቸው ነው የሚጠሩት፦ ሳልቫዶሬኞ፣ ጓቴማልቴኮ። እኛም ሐበሻ ሲሉን ደስ እንደሚለን ማለት ነው።

አንድ ነገር ልንገርሽ። የፌዴራሉ የምርጫ ሕግ ከ1975 ጀምሮ በስፓኒሽ፣ በእስያ ቋንቋዎችና በአሜሪካ ነባር ሕዝቦች ቋንቋዎች የምርጫ ወረቀት እንዲዘጋጅ ያዛል፤ የተናጋሪዎቹ ቁጥር የተወሰነ መጠን ሲደርስ። አማርኛ የለበትም። ዋሽንግተን ዲሲ ግን በ2004 ባወጣችው የቋንቋ ሕግ ስፓኒሽና አማርኛ ጎን ለጎን ያገለግላሉ። የዲሲን ቢሮ ቅጽ በአማርኛ የሞላችሁ ሁሉ የዚህ ተጠቃሚ ናችሁ። እነሱ አስተርጓሚ ብለው ሲጮኹ ለእኛም በር ይከፈታል።

አሁን ወደ ጥያቄው። ስኩል ቦርድ ላይ ለመናገር ዜግነት አያስፈልግም። ወላጅ መሆኗ ይበቃል። ቀድማ ትመዝገብ፤ ስትመዘገብ አስተርጓሚ እንደምትፈልግ ትግለጽ። ፊት መቆም ከፈራች ብዙ ቦታ በጽሑፍ ማቅረብ ይቻላል። አድራሻዋንም ሆነ የወረቀት ጉዳይዋን አታንሳ፤ ስብሰባው ይቀረጻል።

ምርጫ ላይ ግን ጥንቃቄ! ታኮማ ፓርክ ከ1992 ጀምሮ ዜጋ ያልሆኑ ነዋሪዎች በከተማው ምርጫ እንዲመርጡ ትፈቅዳለች። በ2013 ደግሞ ዕድሜውን ወደ 16 አወረደችው። ይህ የከተማዋ ምርጫ ብቻ ነው። ዜጋ ያልሆነ ሰው በፌዴራል ምርጫ ቢመርጥ ወንጀል ነው፤ ከአገር ያስባርራል። መንጃ ፈቃድ ስታወጣ «መራጭ ሆነሽ ትመዘገቢያለሽ?» የሚል ጥያቄ ይመጣል። እንግሊዝኛው ሳይገባው «የስ» ብሎ የተቸገረ ሰው አውቃለሁ። ይህንን በቀይ ጻፊላት።

ልጁም ድምፅ አለው። ሞንጎመሪ ካውንቲ ከሆናችሁ ከ6ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ያሉ ተማሪዎች የራሳቸውን የቦርድ አባል ይመርጣሉ። ወረቀት አይጠየቁም፤ ተማሪ መሆን ነው።

አቤል (ሎስ አንጀለስ)

የጋሼን ልጨምርበት። በመጋቢት 1968 (እ.ኤ.አ.) እዚህ ምሥራቅ ኤል ኤ በሺዎች የሚቆጠሩ የሜክሲኮ ዝርያ ያላቸው የሃይስኩል ተማሪዎች ከክፍል ወጡ። ሳል ካስትሮ የሚባል መምህራቸው አብሯቸው ነበር፤ ታሰረም። የጠየቁት ስፓኒሽ በመናገራችን አንቀጣ፣ የሁለት ቋንቋ ትምህርት ይሰጠን፣ በምሳ ሰዓት መጸዳጃ ቤት አይቆለፍብን ነው። ብዙዎቹ ለመምረጥ ዕድሜያቸው አልደረሰም ነበር። ልጁ ይህን ቢሰማ ደስ ይለኛል።

በረኛዋ ልጅ

እኔ 20 ዓመቴ ነው። ለእናቴ ከስምንት ዓመቴ ጀምሮ አስተርጉሜላታለሁ፤ ሐኪም ቤት፣ ባንክ፣ ትምህርት ቤት። እኔም አንዴ እንደዛች ልጅ ዋሽቻለሁ። የሂሳብ ውጤቴን። እናቴ እስካሁን አታውቅም። ሚስ፣ እባክሽ ልጅቷን ለብቻዋ «ጥፋትሽ አይደለም» በያት። እኔን ያለኝ ሰው አልነበረም።

ስለ ልጁ ሥራ፦ በሜሪላንድ ሕግ የ16 እና የ17 ዓመት ልጅ ትምህርትና ሥራው ተደምሮ በቀን ከ12 ሰዓት መብለጥ የለበትም። ከ24 ሰዓት ውስጥ ደግሞ ተከታታይ 8 ሰዓት እረፍት ሊኖረው ይገባል። ግን አለቃውን ከሶ ሥራውን እንዲያጣ አታድርጉት። ለካውንስለሩ ቁጥሩን አሳዩት፣ ልጁ ራሱ ሺፍቱን ወደ ቅዳሜና እሁድ እንዲያዛውር ይለምን። እኔ ያደረግኩት እንደሱ ነው። እስከ 21 ዓመት በነፃ ይማራል፤ በአንድ ዓመት ቢዘገይ ዓለም አይጠፋም። ማቋረጥ ግን አይሁን።

የወላጆች አገናኝ (ቨርጂኒያ)

ስለ ኮሌጁ የቀረውን ላሟላ። ሜሪላንድ ውስጥ ወረቀት የሌላቸው ተማሪዎች እንደ ነዋሪ ዝቅተኛውን የኮሌጅ ክፍያ እንዲከፍሉ የሚፈቅደውን የድሪም አክት ሕግ በ2012 ሕዝቡ ራሱ በድምፁ አጽድቆታል። ልጁ የተወሰኑ ዓመታት እዚያው ተምሮ መመረቅ አለበት። ቤተሰቡም ግብር ማስታወቅ ይጠበቅበታል። ግብሩን ከመጀመራቸው በፊት ግን የኢሚግሬሽን ጠበቃ ያማክሩ፤ ጊዜው እንደ ድሮው አይደለም። ፋፍሳ (የፌዴራሉ የኮሌጅ ገንዘብ እርዳታ ማመልከቻ) ለእሱ አይሆንም፤ የክፍለ ግዛቱ የራሱ ማመልከቻ አለ። እህቱ ግን እዚህ ስለተወለደች ጊዜው ሲደርስ ፋፍሳ ትሞላለች፤ የእናቷ ወረቀት ማጣት አያግዳትም።

ጠበቃው ዘንድ ሲሄዱ ስለ አባቱም ይጠይቃቸው። አባት ጥሎት ከነበረ ለእንደዚህ ያሉ ልጆች የተለየ የመኖሪያ ፈቃድ መንገድ አለ። ዕድሜ ይወስነዋልና ነገ ዛሬ አትበሉ። «ኖታሪዮ» የሚል ቢሮ እንዳይሄዱ። እነሱ አገር ኖታሪዮ የሕግ ሰው ነው፤ እዚህ ማህተም የሚመታ ብቻ ነው። ብዙ ሰው ገንዘቡንም ጉዳዩንም አጥቷል።

አበበች ነኝ (ሲልቨር ስፕሪንግ)

ጋሼ፣ ገብቶኛል፤ አመሰግናለሁ። እናትየዋ ቦርድ የምትሄድበት ቀን ልጆቿን የሚይዝላት ካጣች እኔ አለሁ፣ በውስጥ መስመር ጻፊልኝ።

ረዳት መምህርቷ (ሜሪላንድ)

ከአሥር ቀን በኋላ ተመልሻለሁ። ስብሰባው ተደገመ። ስልኩ ጠረጴዛው መሃል ተቀመጠ፣ አስተርጓሚዋ በድምፅ ማጉያ ተናገረች። «አይመረቅም» የሚለው ሲደርስ እናትየው አላለቀሰችም። ቦርሳዋን ከፍታ እስክሪብቶ አወጣችና «ስንት ክሬዲት ቀረው?» ብላ ጠየቀች። ዘጠኝ ተኩል። በእጇ መዳፍ ላይ ጻፈችው። ልጁ ፊቱን ወደ መስኮት አዙሮ ነበር። እሱም በስተመጨረሻ ዓርብ፣ ቅዳሜና እሁድ ብቻ ለመሥራት አለቃውን እንደሚጠይቅ ተናገረ። መልሱን ገና አልሰማንም።

ልጅቷን አግኝቼ ያልሽኝን ነግሬያታለሁ፣ በረኛዋ። ምንም አልመለሰችልኝም። ከቦርሳዋ ማስቲካ አውጥታ ሰጠችኝ።

ለቦርዱ ተመዝግባለች፤ የተሰጣት ሁለት ደቂቃ ነው። አሁን የምጠይቃችሁ ይህን ነው፦ በስፓኒሽ ተናግራ አስተርጓሚ ሲደግመው ጊዜው ከሁለቱ ደቂቃ ላይ ይቆጠርባታል ወይስ እጥፍ ይሰጧታል? ያደረገው ሰው ካለ እስከ ሐሙስ ንገሩኝ። አበበች፣ በውስጥ ጽፌልሻለሁ።