የአደራ ቤተሰብና የመንግሥት ባለሙያ፦ ልጁ ቤት ሲገባ ማን ምን ይሥራ?

ደቡብ ዳርቻ (ጠያቂ)

ሰላም ለቤቱ። ጥያቄው በአደራ ቤተሰብ (ከወላጆቹ የተለየን ልጅ ለጊዜው ተቀብሎ የሚንከባከብ ቤተሰብ) ሥራ ውስጥ ላላችሁ ነው። በአዲስ አበባ ደቡብ ጫፍ፣ በኮንዶሚኒየም ሰፈሮች የአደራ ቤተሰብ የሚመለምል፣ የሚያሠለጥንና የሚደግፍ አነስተኛ ማኅበር አለን። ልጁን የሚመድበው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ነው፤ ቤተሰቡን አዘጋጅተን የምንጠብቀው እኛ ነን። ችግሩ መሐል ላይ ነው። ልጅ ዓርብ ማታ አንድ ገጽ ደብዳቤ ይዞ ይመጣል። ቤተሰቡ «ክትባት ጨርሷል? መድኃኒት አለው? የሚጠይቀው ዘመድ አለ?» ሲል መልስ የለም። ቅዳሜና እሑድ ስልክ የሚያነሣ አይገኝም፤ ሰኞ ደግሞ አንዱ ወደ ሌላው ይመራል። የወር ድጋፍ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ይቋረጣል። ጥቂት ቤተሰቦች የሚኖሩት ከአዲስ አበባ ወሰን ማዶ፣ ኮዬ ፈጬ በመሆኑ ክትትላቸው የየትኛው አስተዳደር እንደሆነ አልተለየም።

ከመሥሪያ ቤቱ ጋር ያለን የመግባቢያ ሰነድ በቅርቡ ይታደሳል። ምን ምን ይግባበት? ተፈርሞ መሳቢያ ውስጥ የሚቀር ሰነድ ግን አንፈልግም፤ እሱማ አለን።

መዝገብ ያዥ

የመግባቢያ ሰነድ የሚፈርሙት ኃላፊዎች ናቸው። ልጁን ማታ በር ላይ የሚያስረክበው ባለሙያ አንብቦት ላያውቅ ይችላል። ስለዚህ ሰነዱን አሳጥሩትና ጉልበታችሁን በአባሪው ላይ አውሉት። አባሪው የምደባ ቅጽ ነው፤ ከሁለት ገጽ አይብለጥ፣ በሦስት ቅጂ ይሞላ፦ አንዱ ለመሥሪያ ቤቱ፣ አንዱ ለማኅበሩ፣ አንዱ ለቤተሰቡ። ብዙ ቦታ የቤተሰቡ ቅጂ ይረሳል። ልጁን ጤና ጣቢያ ይዞ የሚሄደው፣ ትምህርት ቤት የሚያስመዘግበው ቤተሰቡ ሆኖ ሳለ እጁ ላይ አንዳች ማስረጃ የለውም። የወጪ ቁጥርና ማኅተም የሌለው ወረቀት ደግሞ የትም በር አያስከፍትም።

ቅጹ ላይ የግድ መኖር ያለበት፦ ልጁ ከቤተሰቡ የተለየበት ምክንያት (በአጭሩ፣ ያለ ታሪክ)፣ ምደባው ለምን ያህል ጊዜ እንደታሰበ፣ የጤና ሁኔታና መድኃኒት፣ ክፍልና ትምህርት ቤት፣ ማን ሊጠይቀው እንደሚችልና ማን እንደማይችል፣ ወንድም ወይም እህት ካለው የት እንዳሉ። ከታች የሁለት ሰው ስልክ፦ ኃላፊነቱን የያዘው ባለሙያና ተተኪው። ለማታና ለበዓል ቀን የሚሠራ ስልክ ለብቻው ይጻፍ።

አስቸኳይ ምደባ ላይ ይህ ሁሉ ባንድ ሌሊት አይሞላም፤ ማንም ቅጽ ጎደለ ብሎ ልጅ ደጅ አይመልስም። ሆኖም ሦስት ነገር ያኔውኑ ካልታወቀ አደጋ አለው፦ የሚወስደው መድኃኒት፣ የማይስማማው ምግብ ወይም መድኃኒት፣ እና አሳልፎ መስጠት የማይገባው ሰው። የቀረው በ72 ሰዓት ውስጥ ይሟላ ብላችሁ ጻፉ። ካልተሟላ ጉዳዩ ለቡድን መሪው በጽሑፍ እንደሚቀርብም ጨምሩበት። መዘዝ የሌለው የጊዜ ገደብ ገደብ አይባልም።

መድኃኒት ላይ ቆም በሉ። የሚጥል በሽታ ያለበት ልጅ መድኃኒቱ በድንገት ሲቋረጥ ሕመሙ ሊነሣበት ይችላል። የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒትም ክፍተት አይወድም። ልጁ ሲመጣ የቀረው ፍሬ ተቆጥሮ ቅጹ ላይ ይጻፍ፣ ቀጣዩ ቀጠሮ የትኛው ጤና ተቋም እንደሆነም እንዲሁ። ከቦሌ አራብሳ ወደ አቃቂ የተዛወረ ልጅ የድሮ ተቋሙ ሩቅ ስለሚሆን የዝውውር ወረቀት አብሮት ይምጣ። ሚስጥር ነው ተብሎ ምርመራው ከአደራ እናቲቱ የሚደበቅበት አሠራር አለ። መድኃኒቱን በየቀኑ የምትሰጠው እሷ ናት፤ ለእንክብካቤው የሚያስፈልጋትን ያህል ማወቅ አለባት፣ ሚስጥር ለመጠበቅም ትፈርማለች።

ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ላለ ሕፃን በመጀመሪያው ጉብኝት የምግብ እጥረት እንዳለበት ለማየት የላይኛው ክንድ ዙሪያ ይለካ። ከ12.5 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ ወደ ጤና ጣቢያ፤ ከ11.5 በታች ከሆነ ወይም ሁለቱ እግሮቹ ካበጡ ደግሞ በዚያው ዕለት። በምግብ እጥረት የተጎሳቆለ ሕፃን ቤት ሲገባ ቤተሰቡ አዝኖ ቶሎ ቶሎ ብዙ ያበላዋል፤ በከባድ ሁኔታ ላይ ላለ ልጅ ይህ ራሱ አደገኛ ነው። ክትባት ላይ ደግሞ ካርድ ከሌለ «ተከትቦ ይሆናል» ተብሎ አይታለፍም። በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት የሚሰጡት፣ ኩፍኝ ደግሞ በ9 እና በ15 ወር፤ ጤና ጣቢያው በዕድሜው ልክ ያስጀምረዋል።

ሌላም ቀላል የሚመስል ነገር አለ። ልጁ ይዞት የመጣው ጋቢ፣ ብርድ ልብስ ወይም አሻንጉሊት ቢቆሽሽም በመጀመሪያው ሌሊት አይታጠብ፣ አይጣል። የለመደው ጠረን ያለው እዚያ ላይ ብቻ ነው። ቅማል ወይም እከክ ካለ ሌላ ጉዳይ ነው።

የሕግ ነገር

ከላይ በተባለው እስማማለሁ። እኔ ድንበሮቹ ላይ ልጨምር፤ ግጭት የሚነሣው እነሱ ላይ ነው።

የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) ስለ ጉዲፈቻ፣ ስለ ሞግዚትና አሳዳሪ በዝርዝር ይናገራል። የአደራ ቤተሰብ እንክብካቤ ግን የሚመራው በአማራጭ እንክብካቤ መመሪያ ነው። በተግባር ሲታይ አደራ ተቀባዩ ልጁን በየዕለቱ ይንከባከባል እንጂ ወላጅ አይደለም፣ ሕጋዊ ውሳኔውም የእሱ አይደለም። ይህ በቃል ተነግሮ ከታለፈ ቤተሰቡ ወይ ሁሉን ይወስናል ወይ ለመተንፈስም ፈቃድ ይጠይቃል። ስምምነቱ ላይ ሦስት መደብ አድርጋችሁ ጻፉት።

አንደኛ፣ ቤተሰቡ በራሱ የሚወስነው፦ ምግብ፣ ልብስ፣ የተለመደ ሕክምና፣ ጤና ጣቢያ መውሰድ፣ ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ (ልጁ የመጣበት እምነት ሳይለወጥ)፣ የወላጆች ስብሰባ። ሁለተኛ፣ አስቀድሞ ለባለሙያው የሚነገረው፦ ከከተማ ውጭ ማደር፣ ለምሳሌ ለፋሲካ ገጠር መሄድ፣ ወይም ቤት መቀየር። በኪራይ ቤት የሚኖር ቤተሰብ ሳይታሰብ ሊለቅ ይችላል፤ ባለሙያው ሰፈር መቀየሩን ከጎረቤት መስማት የለበትም። ሦስተኛ፣ ያለ መሥሪያ ቤቱ የጽሑፍ ፈቃድ የማይደረግ፦ ቀዶ ሕክምና (ሕይወት አድን ካልሆነ)፣ ትምህርት ቤት ማቋረጥ ወይም መቀየር፣ ስም መቀየር፣ ልጁን ለሌላ ሰው ማስተላለፍ። ዘመድ ዘንድ «ለትንሽ ጊዜ» ማስቀመጥም ከማስተላለፍ ይቆጠራል።

ስለ ጉዲፈቻ፦ በምልመላ ጊዜ ተስፋ አትስጡ። ጉዲፈቻ በፍርድ ቤት መጽደቅ አለበት፣ ተቀባዩ ቢያንስ 25 ዓመት የሞላው መሆን አለበት፣ ራሱን የቻለ ሂደት ነው። ወደ ውጭ አገር የሚደረግ ጉዲፈቻ ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 1070/2010 ተዘግቷል። መውለድ ያልቻሉ ባልና ሚስት በአደራ በር ገብተው በጉዲፈቻ እንወጣለን ብለው የሚያስቡበት ጊዜ አለ። ወላጅ እናት ተገኝታ ልጁ ሊመለስ ሲል ጠቡ የሚነሣው ያኔ ነው። ፍላጎታቸው ነውር የለበትም፤ ሰልፉ ግን ሌላ ነው፣ ከመጀመሪያው ይነገራቸው።

ኮዬ ፈጬ፦ የሸገር ከተማ ክፍል ነው፣ ሸገር ደግሞ ኦሮሚያ ክልል ውስጥ ነው፤ ክልሉ የራሱ የቤተሰብ ሕግ አለው። አዲስ አበባ የመደበው ልጅ ወደዚያ ሲሻገር ደብዳቤው ለተቀባዩ አካባቢ የሴቶችና ሕፃናት ጽሕፈት ቤት ግልባጭ ይደረግ፤ ልጁ ከመሻገሩ በፊት እንጂ በኋላ አይሁን። ሁለት ነገር በግልጽ ይጻፍ፦ የጉዳዩ ባለቤት መዳቢው አዲስ አበባ ሆኖ እንደሚቀጥል፣ በአካል የሚጎበኘው ደግሞ ማን እንደሆነ። ይህ ካልተለየ ሁለቱም «የነሱ ነው» ይላሉ። የትምህርት ቋንቋም ይታይ። በአማርኛ ሲማር የቆየ የአራተኛ ክፍል ልጅ የሚገባበት ትምህርት ቤት በየትኛው ቋንቋ እንደሚያስተምር ከምደባ በፊት ይጠየቅ። መሸኛውና የውጤት ካርዱ ከድሮ ትምህርት ቤቱ በጊዜ ካልወጣ መስከረም ላይ ልጁ ቤት ይውላል።

የልደት ምዝገባ በአዋጅ 760/2004 መሠረት በ90 ቀን ውስጥ ነው። ወላጆቹ ላልታወቁ ሕፃን የፖሊስ ማስረጃ ስለሚያስፈልግ ቅጂው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ፋይሉ ውስጥ ይኑር። ከዓመት በኋላ ጣቢያ ሄዶ መፈለግ ከባድ ነው።

የአደራ እናቶች ተወካይ

ሁለታችሁም ስለ ወረቀት ተናገራችሁ፤ ልክ ናችሁ። ቤተሰቡ የሚሸሸው ግን በሌላ ነገር ነው።

ገንዘቡን ላስቀድም። የመንግሥት በጀት ዓመት ሰኔ 30 ይዘጋል፣ የአዲሱ በጀት ሐምሌ ውስጥ ቶሎ አይለቀቅም። በዕርዳታ የሚሠራ ማኅበርም ቢሆን የሩብ ዓመት ሪፖርት ሳያስገባ ቀጣዩ ክፍያ አይመጣለትም። እና ገንዘቡ የሚቆመው ልክ የደንብ ልብስ፣ የደብተርና የቦርሳ ወጪ ሲመጣ ነው። መፍትሔው ልመና አይደለም፦ የሐምሌና የነሐሴ ክፍያ ከሰኔ በፊት ተይዞ ይቀመጥ፣ ወይም ማኅበሩ የሁለት ወር መጠባበቂያ ይያዝ። ክፍያው በቴሌብር ወይም በባንክ፣ በታወቀ ቀን ይግባ። ሊዘገይ ከሆነ ከቀኑ በፊት ይነገር። ድጋፉ የቤተሰቡ ደመወዝ ሳይሆን የልጁ ወጪ መሆኑም ቀድሞ ይታወቅ፤ የሕክምና ወጪ ለብቻው በደረሰኝ ይወራረድ። ቤተሰቡ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል ከሆነ ልጁ በቤተሰብ አባልነት ይመዝገብ። ለዚህም የምደባ ደብዳቤው ያስፈልጋል፤ ቅጂ ስጡን የምንለው በከንቱ አይደለም።

ጉብኝት፦ በመጀመሪያ 48 ሰዓት አንድ፣ በመጀመሪያው ወር በየሳምንቱ፣ እስከ ሦስተኛው ወር በየአሥራ አምስት ቀን፣ ከዚያ በየወሩ። አንድ ባለሙያ ብቻውን ይህን ሁሉ አይችልም። መሥሪያ ቤቱና ማኅበሩ ይፈራረቁ፣ ነገር ግን አንድ ዓይነት ቅጽ ይጠቀሙ። አለበለዚያ አንዷ እናት በአንድ ሳምንት ውስጥ ያንኑ ጥያቄ ሁለቴ ትመልሳለች። ከልጁ ጋር ለብቻ የሚደረግ ንግግር አይዘለል፤ ቤተሰቡም ይህ አሠራር እንጂ ጥርጣሬ እንዳልሆነ ቀድሞ ይነገረው። መኝታውን እዩ፣ ከሌሎቹ ልጆች ጋር እኩል መሆኑን እዩ። የቤቱ ልጆች ሲማሩ የአደራው ልጅ ውኃ የሚቀዳ ከሆነ ያ ምደባ ሳይሆን ሠራተኛ ቅጥር ነው።

ስለ ወላጅ ጥየቃ ትልቁ አለመግባባት ይኸው፦ ልጁ እናቱን አይቶ ሲመለስ አልጋ ያሸናል፣ ይቆጣል፣ አይበላም። አደራ እናቲቱ «ይህች ሴት ልጄን ታበላሽብኛለች፣ አትምጣ» ትላለች። ባለሙያው ደግሞ ቅናት ነው ብሎ ይቆጣታል። መበሳጨቱ መለያየት ሲደገም የሚጠበቅ ነው፤ ግንኙነቱ ይቋረጥ የሚል ማስረጃ አይሆንም። ቀኑና ሰዓቱ የታወቀ ይሁን፣ በመጀመሪያዎቹ ጊዜያት ቦታው የማኅበሩ ቢሮ ይሁን። በማግሥቱ የሆነውን አደራ እናቲቱ በሁለት መስመር ትጻፍ፣ መጻፍ ካልቻለች በድምፅ ትላክ። ከመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በኋላ እየቀነሰ ከሄደ ጥሩ ነው። ካልቀነሰ፣ ወይም ልጁ ከመሄዱ በፊት መፍራት ከጀመረ ያ ሌላ ምልክት ነው፣ ቶሎ ይታይ። ፍራሽ ሥር እንጀራ መደበቅም ሌብነት አይደለም፤ ረኃብ ያየ ልጅ ነገን አያምንም። አንድ ቁራሽ ዳቦ የሚያገኝበት የታወቀ ቦታ ቢዘጋጅለት ይሻላል።

በየሦስት ወሩ የሚደረገው ግምገማ ላይ አደራ ወላጆች ይቀመጡ። የተባበሩት መንግሥታት የአማራጭ እንክብካቤ መመሪያም ጊዜያዊ ምደባ ቢቻል ቢያንስ በየሦስት ወሩ ይታይ ይላል። ልጁን በየሌሊቱ የሚያየው ሰው በሌለበት ስለ ልጁ መወሰን ይገርመኛል።

ደቡብ ዳርቻ (ጠያቂ)

እግዚአብሔር ይስጥልን። ሁለት ነገር ልጨምር። አንደኛ፣ ለመቀላጠፍ ባለሙያዎቹና ቤተሰቦቹ ሁሉ ያሉበት የቴሌግራም ግሩፕ ለመክፈት አስበናል። ሁለተኛ፣ ቤተሰብ ላይ ጥቆማ ሲመጣ፣ ለምሳሌ «ልጁን ትመታለች» ሲባል፣ ማን ያጣራ?

የሕግ ነገር

ጥቆማውን ማኅበሩ አያጣራ። የመለመለው፣ ያሠለጠነውና የሚደግፈው እሱ ስለሆነ ወይ ይሸፍናል ወይ ሸፈነ ይባላል። መሥሪያ ቤቱ ያጣራ፣ የወንጀል ነገር ካለበት ፖሊስ ይግባ። ማኅበሩ በዚያው ቀን ለቤተሰቡ ሌላ ደጋፊ ሰው ይመድብ። አስጊ ነገር ካለ ልጁ ወዲያው ይነሣል። ከሌለ ግን ማጣራቱ እስኪያልቅ በዚያው ቢቆይ ይሻላል፤ በአንድ ጎረቤት ቂም ልጅ ሁለት ቤት መቀየር የለበትም። ውጤቱ በጽሑፍ ለቤተሰቡ ይድረስ፣ ነፃ ከወጡም ጭምር።

መዝገብ ያዥ

የጋራ ግሩፑን ተዉት። አንዷ የልጁን ፎቶ ትልካለች፣ ሌላዋ የምርመራ ወረቀት፣ በማግሥቱ ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅም (1321/2016) ወጥቷል። ግሩፕ ከከፈታችሁ ለስብሰባ ቀንና ለክፍያ ማሳወቂያ ብቻ ይሁን፤ ስለ ልጅ የሚነገር ነገር በግል ስልክ፣ በመዝገብ ቁጥር።

ስልክ ካነሣን፦ ቅጹ ላይ የሚጻፈው የባለሙያው የግል ቁጥር አይሁን። ወረዳ ላይ ሠራተኛ ቶሎ ይቀያየራል፤ ሰውየው ሲዛወር ቤተሰቡ የያዘው ቁጥር ይሞታል። አንድ የቢሮ ሲም ይገዛ፣ ተረኛው ይያዘው፣ ማን ከማን እንደተረከበ በመዝገብ ይፈረም። አየር ሰዓቱን ማን እንደሚሞላም ሰነዱ ላይ ይግባ፤ በዚህች የተነሣ የተዘጋ ስልክ ስንት አለ።