ክርክር፦ ርቀት ከፐርሴፕሽን ሮል ላይ ነጥብ ይቀንስ ወይስ ለጌም ማስተሩ ይተው?

ጥያቄ አቅራቢ፦
ታሪክ በጋራ እየፈጠርን ውጤቱን በዳይስ የምንወስንበት የሚና ጨዋታ እንጫወታለን፤ በቡድናችን ያልተቋጨ ነገር አለ። ጠባቂ ግንብ ላይ ቆሟል፤ የእኛ ካራክተሮች (የምንጫወታቸው ገጸ ባሕርያት) በሌሊት፣ በጭጋግ ውስጥ፣ 200 ጫማ ርቀት ላይ በደረታቸው እየተሳቡ ነው። አንዱ ተጫዋች «ለየ10 ጫማው ከጠባቂው ፐርሴፕሽን ሮል (ማየት መስማቱን ከሚወስነው የዳይስ ውጤት) 1 ይቀነስ» አለ። ጨዋታውን የሚመራው ጌም ማስተር «ርቀቱን እኔ እመዝነዋለሁ» አለ። እናንተስ?

ባለ ሠንጠረዡ፦
ከቁጥሩ ጋር ነኝ። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው የዱንጅንስ ኤንድ ድራጎንስ ጨዋታ 3.5 እትም ለየ10 ጫማው 1 ይቀንስ ነበር፤ ሐሳቡ በሌላ ነገር ለተያዘ ሰው ደግሞ 5። ፓዝፋይንደር የተባለው የ2009 ጨዋታ ያንኑ ዲሲው ላይ (ሮሉ ሊደርስበት የሚገባው ቁጥር ላይ) ደመረው፤ የተዘጋ በር 5፣ እንቅልፍ 10 ይጨምራል። ተጫዋች ማቀድ የሚችለው ይህን ሲያውቅ ነው። 30 ጫማ ብጠጋ ምን እንደማገኝ ካላወቅኩ ለምን እጠጋለሁ? «ጌም ማስተሩ ይወስን» ሲባል ሁላችንም ካርታውን ትተን የጌም ማስተሩን ፊት ማንበብ እንጀምራለን።

ጥላ ተከታይ፦
ቁጥር መኖሩን አልቃወምም፤ ይህን ቁጥር ነው የምቃወመው። እስኪ አስላው ወንድሜ። በፓዝፋይንደር የውጊያ ድምፅ ለመስማት ዲሲው ከዜሮ በታች 10 ነው፤ ማንም ይሰማዋል ማለት ነው። 500 ጫማ ሲርቅ 50 ይደመርና 40 ይሆናል። ጠባቂው በዳይሱ ከፍተኛውን 20 ቢያወጣ እንኳ ሌላ 20 ቦነስ ከሌለው አይሰማም። 500 ጫማ እኮ 150 ሜትር ገደማ ነው! ሰይፍ እየተፋጨ፣ ሰው እየጮኸ በ150 ሜትር አለመሰማቱን ማን ይቀበላል? አንድ ማይል ርቆ የሚነድ መንደር ለማየት ደግሞ ከርቀቱ ብቻ 528 ይደመራል።

ችግሩ ከስሌቱ መሠረት ነው። ገላጣ ሜዳ ላይ ርቀቱ እጥፍ በሆነ ቁጥር ድምፅ በ6 ዴሲቤል ገደማ ይዳከማል። ስለዚህ ከ10 ወደ 20 ጫማ መራቅና ከ500 ወደ 1000 መራቅ ድምፁን በእኩል መጠን ነው የሚያዳክሙት። ሠንጠረዡ ግን ለመጀመሪያው 1፣ ለሁለተኛው 50 ያስከፍላል።

ባለ ሠንጠረዡ፦
ይህን እቀበላለሁ፤ ግን መፍትሔው የተሻለ ሠንጠረዥ ነው። ገርፕስ የተባለውን ሌላ የሚና ጨዋታ ተመልከት። ለእይታ 100 ያርድ ላይ 10 ይቀነሳል፣ 1000 ያርድ ላይ 16 ብቻ። በግልጽ ለሚታይ ነገር ደግሞ 10 ይጨመራል።

አዲሷ ዲኤም፦
እኔም ጌም ማስተር ነኝ፤ ጨዋታው መሃል ላይ ይህን ሁሉ ማን ያሰላል? የዱንጅንስ ኤንድ ድራጎንስ አምስተኛው እትም ይበቃኛል። ጭጋጉ ሳሳ ካለ ለዓይን ዲስአድቫንቴጅ (ዳይሱን ሁለቴ ጥሎ ዝቅተኛውን መውሰድ)፣ ጥቅጥቅ ካለ ጭራሽ አይታይም። ኃይለኛ ነፋስ ለጆሮ ዲስአድቫንቴጅ። ፓሲቭ ፐርሴፕሽን (ዳይስ ሳይጣል የሚወሰድ ቋሚ ቁጥር) ከሆነ 5 ይቀነሳል።

ጥላ ተከታይ፦
እህቴ፣ ቅለቱን እወደዋለሁ፤ ግን 30 ጫማና 300 ጫማ ላይ ያለውን ሰው አይለይልሽም። እኔ ሁለቱን ሥራ እለያያለሁ። ርቀት ሮል መኖር አለመኖሩን ይወስን፤ አካባቢው ደግሞ ሮሉ ምን ያህል እንደሚከብድ።

ለርቀቱ መነሻ የሚሆነው በዚያው እትም የጌም ማስተር ስክሪን (ጌም ማስተሩ ፊቱ የሚያቆመው፣ ሠንጠረዦች የታተሙበት ካርቶን) ላይ አለ። ጭጋግ ውስጥ እይታ ከ100 እስከ 300 ጫማ ነው። ለድምፅ ሁለት ባለ6 ዳይስ ይጣልና ድምሩ በጸጥታ ለሚሄድ በ5፣ ለተለመደ ድምፅ በ10፣ በጣም ለሚጮኽ በ50 ይባዛል።

በእናንተው ጠባቂ እንሞክረው። የዛሬው ጭጋግ ወሰን 150 ጫማ ይሁን። 200 ላይ ሳላችሁ ሮል የለም፤ ዓይኑ አይደርስም። የሚሳብ ሰው ድምፅ ደግሞ ዳይሱ ከፍተኛውን ቢሰጥ እንኳ ከ60 ጫማ አያልፍም። 150ን ስታልፉ በዲስአድቫንቴጅ ይጣል። ከእናንተ አንዱ ችቦ ቢለኩስስ? ችቦ 20 ጫማ ደማቅ፣ ከዚያ ወዲያ 20 ጫማ ደብዛዛ ብርሃን ይሰጣል። የያዘው ሰው ከ40 ጫማ ወዲያ ጨለማ ነው የሚያየው፤ ጠባቂው ግን ነበልባሉን ከሩቅ ያየዋል። በአንድ መስመር ላይ ሆነው አንዱ ያያል፣ ሌላው አያይም። «በየ10 ጫማው 1» ግን ከሁለቱም እኩል 20 ይቀንሳል። በጣም የሚያናድደኝ ይሄ ነው።

ጥያቄ አቅራቢ፦
አንዱ የብረት ጥሩር ለብሷል። እየተንቋቋ ነው።

ጥላ ተከታይ፦
እሱን በተለመደው ድምፅ ቁጠሩት። በአማካይ 70 ጫማ ይደርሳል። እሱ ወደኋላ ይቅር፤ ሌሎቹ ይቅረቡ።

ባለ ሠንጠረዡ፦
150 የሚለው ቁጥር ሳንንቀሳቀስ በፊት ለተጫዋቾች ከተነገረ እስማማለሁ። ካልተነገረ ያው የጌም ማስተሩ ፊት ነው።

አዲሷ ዲኤም፦
ጭጋጉን እነግራለሁ፤ ካራክተሮቹ በዓይናቸው የሚያዩት ነገር ነው። ጠባቂው እያንቀላፋ መሆኑን ግን ተጠግተው ራሳቸው ይወቁት።