በሐረር ጁገል የራምቦን ዱካ መከተል

ጥያቄ
ጤና ይስጥልኝ። በሚቀጥለው ወር ሐረርን ስጎበኝ አንድ ሙሉ ጠዋት በግንብ በታጠረው የድሮ ከተማ፣ በጁገል ውስጥ በእግሬ ለመዘዋወር አስቤያለሁ። ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ የኖረባትን ከተማ ማየት የቆየ ምኞቴ ነው። ለመሆኑ «ራምቦ ቤት» የሚባለው በእርግጥ የእርሱ መኖሪያ ነበርን? ካልሆነስ ከየት ብጀምር ይሻላል?

መልስ 1
አልነበረም። ራምቦ ያረፈው እ.ኤ.አ. በ1891 ማርሴይ ውስጥ በ37 ዓመቱ ሲሆን፣ ዛሬ የሚታየውን ባለፎቅ ቤት ከዚያ በኋላ ያሠራው አንድ ሕንዳዊ ነጋዴ ነው። ሆኖም እንዳያልፉት አደራ እላለሁ። በላይኛው ፎቅ ባለቀለም መስኮቶች የሚገባው ብርሃን የእንጨቱን ወለል ቀይና ሰማያዊ ሲያደርገው ማየት ብቻውን ያስደስታል፤ የጥንቷን ሐረር የሚያሳዩት ፎቶግራፎችም እዚያው አሉ።

መልስ 2
ከቤቱ ይልቅ ከገበያው ቢጀምሩ እመርጣለሁ። ራምቦ እ.ኤ.አ. በ1880 መጨረሻ ሐረር ሲደርስ ግጥም መጻፍ ካቆመ ዓመታት አልፈው ነበርና፣ እዚህ የኖረው ቡናና ቆዳ እየገዛ ወደ ባሕር ጠረፍ የሚልክ ነጋዴ ሆኖ ነው። ስለዚህ ከፈረስ መጋላ («መጋላ» ገበያ ማለት ነው) ተነሥተው በመኪና ግርግር በኩል ወደ ጊዲር መጋላ ይውረዱ። መኪና ግርግር ስሙን ያገኘው ከልብስ ስፌት መኪናዎች ድምፅ ሲሆን፣ ልብስ ሰፊዎቹ ዛሬም በመንገዱ ግራና ቀኝ ተደርድረው ይሠራሉ። ከዚያ ወደ ጠባቦቹ መተላለፊያዎች ይግቡ፤ መንገድ ቢጠፋብዎ አይጨነቁ፣ አሚር ኑር በ16ኛው ክፍለ ዘመን ያሠሩት ግንብ ዙሪያውን ስለከበበው ቁልቁል ከሄዱ አንዱ በር ላይ መድረስዎ አይቀርም። ከተቻለ አንድ የሐረሪ ቤት አስፈቅደው ይግቡና ነደባው፣ ማለትም ከፍ ብሎ የተሠራው መቀመጫ ላይ ዐረፍ ይበሉ።

መልስ 3
ከላይ በተሰጠው ሐሳብ እስማማለሁ፤ ነገር ግን ከመሄድዎ በፊት ራምቦ ለቤተሰቡ የላካቸውን ደብዳቤዎች ያንብቡ። ስለ መሰልቸቱና ስለ ገንዘብ ጭንቀቱ የሚጽፈው ሰው እ.ኤ.አ. በ1883 ፎቶግራፍ ማንሻ አስመጥቶ ራሱን በዚችው ከተማ አንሥቷል። በ1891 ጉልበቱ ታሞ መራመድ ሲያቅተው ደግሞ ራሱ በነደፈው ቃሬዛ 16 ተሸካሚዎች ይዘውት ወደ ዘይላ ወደብ ወርደዋል። እነዚያን መስመሮች ይዘው የጁገልን ድንጋያማ ዳገት ሲወጡ እያንዳንዱ እርምጃ ትርጉም ይኖረዋል።

ጠያቂ
ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ከፈረስ መጋላ እጀምራለሁ፤ ቤቱን ግን ለመጨረሻ አቆየዋለሁ።