ሥዕሏን መስታወት ውስጥ ላስገባት ወይስ ልተዋት?

እንደምን ናችሁ? ምክር ፈልጌ ነው። ከእንጦጦ ማዶ፣ ወደ ሱሉልታ መውጫ ያለው ደብራችን ትንሽ ሙዚየም ሊከፍት ነው። ሙያዬ የሙዚየም ሥራ ስለሆነ ኃላፊነቱ ለእኔ ተሰጠ። የጨነቀኝ አንዲት ሥዕል ናት።

እንጨት ላይ የተሳለች፣ እንደ መጽሐፍ የምትከፈት ሥዕለ ማርያም ናት። ታችኛው ጠርዟ ላይ ቀለሙ አልቆ እንጨቱ ያብለጨልጫል። ስንት ትውልድ የተሳለመው እዚያ ጋ ነው። ጥጓ ላይ የጧፍ ጥላሸት አለ።

እኔ የተማርኩት ሌላ ነው። ቅርስ በባዶ እጅ አይነካም፣ ለብራና ብርሃኑ ከ50 ሉክስ (የብርሃን መጠን መለኪያ ነው) አይለፍ ተብዬ ነው ያደግኩት። ቄሰ ገበዙ ግን «ልጄ፣ ሕዝቡ ካልተሳለማት ምኑን ሥዕለ ማርያም ሆነች?» አሉኝ። መልስ አጣሁ። እውነታቸውን ነው። በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ሠዓሊው ፍሬ ጽዮን የሣላት ማርያም ለጸሎት እንጂ ለመስታወት ሣጥን አልነበረችም።

ስድስት ኪሎ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ዕቃዎቹን በሰው የሕይወት ጉዞ፣ ከልደት እስከ ሞት ደርድሯል። ደስ ይለኛል። የዛሬ ኩሬተር (የሙዚየም ቅርስ ኃላፊ) ሥራ ቆልፎ መጠበቅ ብቻ አይደለም። የእኛዋ ግን ገና አገልግሎት ላይ ናት!

በየወሩ በ21 ብቻ አውጥቶ መመለስ ያዋጣል? ከጭሱና ከእርጥበቱስ እንዴት ትተርፋለች? ወይስ ቅጂ አሠርተን እሱን ለእይታ እናስቀምጥ? የሚከፈተው ለጥር 21፣ ለአስተርእዮ ማርያም ነው። የሞከራችሁት ካለ እባካችሁ ንገሩኝ።