የሜልበርን «ደብልዩ» ትራሞች ሰው ማመላለሱን ይቀጥሉ ወይስ ጡረታ ይውጡ?

ሰብሳቢው፦
ለክርክር ያቀረብኩት ጉዳይ በአውስትራሊያ የሜልበርን ከተማ የሚገኙትን «ደብልዩ» የተሰኙ ጥንታዊ የኤሌክትሪክ ትራሞች ይመለከታል። ከ1923 እስከ 1956 ድረስ (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) በልዩ ልዩ ንዑስ ዓይነቶች ከ750 በላይ ተሠርተው ነበር። ዛሬ ግን ጥቂቶቹ ብቻ መሐል ከተማውን በሚዞረው የ35 ቁጥር መስመር ያገለግላሉ። የአገሪቱ የ2002 የሕዝብ ትራንስፖርት ደንብ ትራሞች እስከ 2032 መጨረሻ ለአካል ጉዳተኞች ተደራሽ እንዲሆኑ ያዛል፤ የደብልዩ ትራም መግቢያ ግን ደረጃ ነው። ታዲያ ለቅርስነታቸው ሲባል ከደንቡ ውጭ ሆነው ይቀጥሉ? ወይስ ወደ ሙዚየም ይግቡ?

ታሪክ ወዳዱ፦
እኔ ይቀጥሉ ባይ ነኝ። እነዚህ ትራሞች ከመምጣታቸው በፊት የሜልበርን ትራንስፖርት የተበታተነ ነበር። ልዩ ልዩ ሰፈሮች የየራሳቸው የትራም ማኅበር ነበራቸው፤ ትራሞቹም አንዱ ከሌላው አይመሳሰሉም ነበር፤ መሐል ከተማው ደግሞ ከመንገድ በታች በተዘረጋ ገመድ በሚጎተቱ ተሽከርካሪዎች ይገለገል ነበር። በ1919 አንድ የሕዝብ ትራም ቦርድ ተቋቁሞ ሁሉንም በእጁ ካስገባ በኋላ፣ ለከተማው በሙሉ የሚሆን አንድ ወጥ ትራም ለመሥራት ወሰነ፤ የዚያ ውሳኔ ውጤት ደብልዩ ነው። የመጨረሻው የገመድ ትራም በ1940 ሲቆም ከተማውን ይዞ የቀረው ይኸው ትራም ነበር። ሲድኒ በ1961 የመጨረሻውን ትራሟን አቁማ ፊቷን ሙሉ በሙሉ ወደ አውቶቡስ ስታዞር፣ ሜልበርን ግን ከ1949 እስከ 1970 ቦርዱን በመሩት በሮበርት ሪሰን ጽናት ሀዲዷን በኮንክሪት አጽንታ ቆየች። ስለዚህ ደብልዩ የከተማዋን ሕይወት የተሸከመ ዕቃ ነው፤ ሞተሩ ሲያቃስት፣ የእንጨቱ ወንበር ሲንቀጠቀጥ ካልተሰማ በስተቀር በሙዚየም የቆመው ትራም ለልጆቻችን ምን ይነግራቸዋል?

የፉትስክሬይዋ፦
ወንድሜ፣ የጻፉትን በአክብሮት አነበብኩ፤ ታሪኩንም አልክድም። እኔ የምኖረው ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚገኙበት በፉትስክሬይ ሰፈር ነው፤ እናቴም በተሽከርካሪ ወንበር ነው የምትንቀሳቀሰው። ከእሷ ጋር መሐል ከተማ ስንወርድ ዝቅተኛ ወለል ያለውን አዲስ ትራም እንሳፈራለን፤ ደብልዩ ሲመጣ ግን ቆመን እናሳልፈዋለን። «የከተማዋን ሕይወት የተሸከመ» ሲሉ፣ እናቴን መሸከም እንደማይችል አብረው ቢያስታውሱ ደስ ይለኛል።

ከዚህም በላይ የሚያሳዝነኝ የመጀመሪያው ንድፍ ሐሳብ መዘንጋቱ ነው። የ1923ቱ ደብልዩ የመሐል ወለሉ ከሁለቱ ጫፎች ዝቅ ተደርጎ የተሠራው ሰው በቀላሉ እንዲወጣና እንዲወርድ ታስቦ ነው። በዘመኑ ለነበሩት መሐንዲሶች የመንገደኛው እግር ዋና ጉዳይ ነበር። እነሱ ያን ያህል የተጨነቁበትን ነገር እኛ «ቅርስ ስለሆነ አይነካም» ብለን በር መዝጊያ ስናደርገው፣ የምናከብረው ቅርጹን እንጂ ዓላማውን አይደለም።

መካኒኩ፦
እህቴ ያነሣችው ነጥብ ትክክል ነው፤ ሆኖም ከሥራው ጠባይ የተነሣ ጥቂት ልጨምር። ደብልዩ በብረት ሻሲ ላይ የተዋቀረ የእንጨት አካል ያለው፣ በሁለት ባለ አራት ጎማ ቦጊዎች (ጎማዎቹን የሚይዙ ክፈፎች) የሚሄድና እያንዳንዳቸው 40 የፈረስ ጉልበት ባላቸው በጠቅላላው አራት ሞተሮች የሚገፋ ትራም ነው። ሻሲው ጠንካራ ስለሆነ ብዙ ዕድሳት ይችላል፤ ችግሩ እንጨቱ ነው። ውሃ የገባበት ምሰሶ ከውጭ ቀለሙ አምሮ ሳለ ከውስጥ ይበሰብሳል፤ ለመቀየርም መለዋወጫ ከገበያ አይገዛም፤ በእጅ ይሠራል። ፍሬኑም የዛሬውን የመንገድ ጭንቅንቅ ታሳቢ አድርጎ የተሠራ አይደለም። ደብልዩ 8 ተብለው የታደሱት ሲሠሩ ብዙ ድካም የወሰደው ፍሬኑንና ደኅንነቱን ማሻሻሉ ነው።

«ቅርስ አይነካም» ለሚሉት ወገኖች ደግሞ አንድ ማስረጃ አለኝ። መጀመሪያ የተሠሩት 200 ያህል ደብልዩዎች ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሁሉም ደብልዩ 2 ወደተባለው ንዑስ ዓይነት ተቀይረዋል። ከዚያ በኋላ እንደ ፋብሪካ አወጣጡ ሆኖ በሥራ ላይ የቀረ የመጀመሪያ ደብልዩ አልነበረም ማለት ይቻላል። ክፍት የነበረው መሐሉ በክረምት ብርድ መንገደኛውንና ቲኬት ቆራጩን ያሠቃይ ስለነበር፣ በኋላ የመጡት ዓይነቶች ተንሸራታች በር ተደረገላቸው። ትራሙ በዘመኑ ሁሉ የተለወጠው ለሰው ሲባል ነው፤ ስለዚህ አሁን መለወጡን የታሪክ ክህደት አድርጎ ማየት ራሱ ታሪኩን አለማወቅ ይመስለኛል።

ታሪክ ወዳዱ፦
መለወጡን አልቃወምም፤ የምቃወመው መጥፋቱን ነው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ሕዝቡ ትራሞቹ ወደ ውጭ አገር እንዳይሸጡ የተሟገተው ያለ ምክንያት አልነበረም። ከ1982 ጀምሮ በአሜሪካዋ ከተማ በሲያትል የባሕር ዳርቻ መስመር የሜልበርን ትራሞች ሲያገለግሉ ቆይተው መስመሩ በ2005 ተዘጋ፤ ከአገልግሎት የወጣ ትራም ምን ያህል በቀላሉ ባለቤት አልባ እንደሚሆን ከዚያ ይታያል። እህቴም ብትሆን ይህን አንድ ነገር ብታስብልኝ፦ ከ2015 ጀምሮ በመሐል ከተማው ነጻ የትራም ቀጠና ስላለ፣ እናታችን በዚያው ጎዳና በዝቅተኛ ትራም ያለ ክፍያ መሄድ ይችላሉ። ደብልዩ የማንንም መንገድ አልወሰደም።

የፉትስክሬይዋ፦
ይህ መልስ የእኔን ክርክር ያጠናክራል እንጂ አያፈርሰውም። በ1994 የዙሪያው መስመር ሲጀመር ነጻ መሆኑ ልዩ ጥቅሙ ነበር፤ አሁን በአካባቢው ያለው ትራም ሁሉ ነጻ ከሆነ፣ ደብልዩ የሚሄደው ለትራንስፖርት ሳይሆን ለትዝታ ነው። ለትዝታ ይሂድ፣ እኔም ባየው ደስ ይለኛል። ነገር ግን ከተማዋ ለእንግዶቿ የምታሳየው የመጀመሪያው ትራም፣ ስለ ሕንጻዎቹ በድምፅ ማጉያ የሚያስረዳው ትራም፣ እናቴ የማትሳፈርበት ብቻ መሆን የለበትም። ጥያቄዬ ይህ ነው፦ በዚያው የ35 ቁጥር መስመር ላይ አንድ ደብልዩ ሲያልፍ የሚከተለው ዝቅተኛ ወለል ያለው ይሁን፤ ያው ማብራሪያ፣ ያው ዙሪያ፣ ያው ፌርማታ።

መካኒኩ፦
ይህ በሥራ በኩል የሚቻል ነው፤ ሀዲዱም ሽቦውም አንድ ነው። እንዲያውም ደብልዩዎቹ በቀን የሚሠሩት ሰዓት ስለሚቀንስ እንጨቱም ሞተሩም ዕድሜ ያገኛሉ። በአሮጌው አካል ላይ የተሽከርካሪ ወንበር ማንሻ መግጠምን ግን አልደግፍም፤ በሩን ለማስፋት የጎን ምሰሶዎቹን መቁረጥ ግድ ይሆናል፤ የእንጨቱን አካል የሚይዙትም እነሱ ናቸው። ታሪክ ወዳዱ ወንድማችን፣ ትራሞቹ በግማሽ ቁጥር ቢሄዱ ይስማማሉ?

ታሪክ ወዳዱ፦
በየቀኑ እስከሄዱ ድረስ እስማማለሁ። የበዓል ቀን ብቻ ወጥተው የሚገቡ ከሆነ ግን አልስማማም፤ የሚነዳቸውና የሚጠግናቸው ሰው ሙያውን የሚይዘው ዘወትር ሲሠራባቸው ብቻ ነውና።