የወራባ ኑዱል ሰሌዳ፦ ጂኒን የሚበላው ጅብና የጁገል ግንብ

ጸሐፊዋ፦ ሰላም አባላት። የጋራ ሐሳባችን መነሻ ይኸው፦ ጅብ ወደ ጁገል፣ በግንብ ወደ ተከበበችው አሮጌዋ ሐረር፣ ከሚገባባቸው ቀዳዳዎች (ወራባ ኑዱል) በአንዱ አጠገብ አፈ ታሪኩንና ታሪኩን የሚናገር ሰሌዳ ማቆም፤ በሐረሪ፣ በኦሮምኛና በአማርኛ። የጎደለውን ጨምሩ።

አስጎብኚው፦ አቦ፣ ጂኒው ከላይ ይሁን! እንግዳ የሚቆመው ለእሱ ነው። ጅብ ሌሊት በወራባ ኑዱል ገብቶ በከተማው የሚዞረውን ጂኒ ይበላል ይባላል፤ ስለዚህ አይባረርም። ከሥሩ የዓሹራው፣ የሙሐረም 10 በዓል፣ ገንፎ ይግባ። በቅቤ የራሰ ገንፎ ለጅብ ይቀርባል፤ ከግማሽ በላይ በልቶ ካስተረፈ ዘመኑ ጥጋብ ነው፣ ካልነካው ወይም ሙልጭ አድርጎ ከበላው ግን ያስፈራል።

የታሪክ ንዑስ ክፍል፦ ይቅደም፣ ግን «ይባላል» የምትለው ቃል እንዳትወጣ። ከጎኑ ይህ ይጻፍ፦ ኢማም አሕመድ (ግራኝ) በ1543 እ.ኤ.አ. ከወደቀ በኋላ ሐረር ስትዳከም፣ የከተማዋ ገዥ አሚር ኑር ኢብን ሙጃሂድ ግንቡን አሠራ። ዙሪያው 3.5 ኪ.ሜ. ያህል፣ ጥንታዊ በሮቹ 5። በሮቹ ሌሊት ይዘጉ ስለነበር ለጅብ የሚቀረው ቀዳዳው ነበር። የሚፈልገውም የሥጋና የአጥንት ትርፍራፊ ነው፤ አጥንቱን አድቅቆ ስለሚፈጨው ኩሱ ሲደርቅ እንደ ኖራ ይነጣል። በጨለማ የሰው ሳቅ የሚመስል ድምፅና ብርሃን ሲመታው የሚያበራ ዓይን ሲጨመርበት የጂኒ ወሬ ቢበዛ አይገርምም።

ገንፎውን በተመለከተ፣ አፈ ታሪኩ ልማዱ በረሃብ ዘመን ተጀመረ ይላል እንጂ ዓመት አይጠራም፤ እኛም አንለጥፍበት። በአሚር ኑር ዘመን ማብቂያ ረሃብና ወረርሽኝ ነበር፣ ከ1888 እስከ 1892 እ.ኤ.አ. ደግሞ ክፉ ቀን። ሁለቱን መጥቀስ ይበቃል።

ግንበኛው፦ ጽሑፉ ጥሩ ነው፤ ሥራው ግን ከቀዳዳው ይጀመር። ፌስታልና ፍርስራሽ የደፈነው ቀዳዳ ጅብንም ጎርፍንም ይመልሳል፤ ውሃው ግንቡ ሥር ተኝቶ የጭቃውን ማያያዣ ያጥባል፣ ከዚያ ድንጋዩ ወደ ውጭ ያብጣል። ስለዚህ ጠረጋው ሰኔ ሳይገባ ይለቅ። የተናጋውን በሲሚንቶ መለጠፍ ደግሞ የባሰ ነው፦ ሲሚንቶ እርጥበቱን አፍኖ ይይዝና በጊዜ ብዛት የድንጋዩን ፊት ይዞ ይወድቃል። ጭቃው በጭቃ፣ ኖራው በኖራ ይጠገን።

ሰሌዳው ግንቡ ላይ አይቸነከር። ለብቻው በብረት እግር ይቁም፣ ጉድጓዱ 60 ሳ.ሜ. ይውረድ፣ ከቀዳዳው 3 ሜትር ወደ ጎን ይራቅ። ፊት ለፊት ከተተከለ ጅቡ መንገዱን ይቀይራል።

አስጎብኚው፦ ጋሼ፣ መብራትስ? ያለ መብራት ማታ ማን ያነበዋል?

ግንበኛው፦ ደብዛዛ ቢጫ፣ ወደ ታች የዞረ፣ ጽሑፉን ብቻ የሚመታ። ነጭ ፓውዛ ከሰቀላችሁ ጅቡንም ጂኒውንም አታዩም።

ጸሐፊዋ፦ ተቀብያለሁ፤ ጠረጋው ቁጥር 1፣ ሰሌዳው ቁጥር 2 ሆኖ ይገባል። ምረቃው ለዓሹራ ከሆነ፣ ሙሐረም 10 በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ቀደም ብሎ ስለሚመጣ ቀኑን በሂጅራ አቆጣጠር እጽፈዋለሁ። የቀዳዳውን ምርጫ አፎቻዎቹ (የሐረሪ የሰፈር መረዳጃ ማኅበራት) እና የአካባቢው ሽማግሌዎች ይወስኑ፤ ይህን ሐሳባችንን የያዘው ደብዳቤ ከእነሱ ፊርማ በፊት ለሚመለከተው ቢሮ አይገባም።